ከተማና ገጠር በአንድ ምክር ቤት

  የዛሬው ርዕሴ ብዙ ጊዜ ለባለሙያ የሚተው የአስተዳደር ጉዳይ ነው፤ ከተማና በዙሪያው ያሉ የገጠር ቀበሌዎች በአንድ ወሰን ሲጠቃለሉ የሁለቱ ጥቅም እንዴት ይጠበቃል የሚለው። ለባለሙያ ብቻ መተው የለበትም ብዬ አምናለሁ። አንድ የወሰን ካርታ ሲጸድቅ ብዙ ሺህ ሰው ከቤቱ ሳይነቃነቅ ከወረዳ ነዋሪነት ወደ ከተማ ነዋሪነት ይዛወራል። ግብር የሚከፍልበት ቢሮ፣ መሬቱን የሚገዛው ሕግ፣ አቤት የሚልበት በር፣ ሁሉም አብሮ ይለወጣል።

አካሄዴን ላስቀድም። በመጀመሪያ ከተማና ገጠርን በአንድ አስተዳደር ሥር ማድረግ ለምን እንደሚያስፈልግ እናገራለሁ፤ ጥቅሙን ሳያነሱ ጉዳቱን ብቻ መዘርዘር ፍትሐዊ አይሆንምና። ቀጥዬ ስለ ድምፅ፣ ከዚያም ስለ ገንዘብና አገልግሎት፣ በመጨረሻም ስለ መሬት አነሳለሁ። መሬቱ ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ፤ በአገራችን የነገሩ ሥር ያለው እዚያ ነው።

እንግዲህ ከአስፈላጊነቱ ልጀምር። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ድሬዳዋ ላይ የደረሰውን ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ሕዝቡን በተኛበት ደረሰበት፤ ከ200 በላይ ሰው ሞተ፣ ሺዎች ቤት አልባ ሆኑ። ያ ውኃ በአብዛኛው ከተማው ላይ የዘነበ አልነበረም፤ ከደቡብ በኩል ከደጋው ተራሮች ተሰብስቦ የወረደ ነው። የወንዙን ዳር በግንብ ማጠር ይረዳል። ጎርፉን ከምንጩ ለማብረድ ግን እርከን መሠራት፣ ችግኝ መተከል ያለበት ከላይ፣ ገበሬው በሚያርሰው ተዳፋት ላይ ነው። ከተማው ዕድሜውን የሚያራዝምለት ሥራ በገጠሩ ሰው ትከሻ ላይ ያረፈ ነው ማለት ነው። እንዲህ ያለውን ሥራ ማቀድና መክፈል የሚችለው ላይኛውንም ታችኛውንም አንድ ላይ የሚያይ አስተዳደር ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ ተለያይቶ መኖር ምን እንደሚያስከፍል ያሳያል። አዲስ አበባ ለረጅም ዘመን ቆሻሻዋን የጣለችው ረጲ፣ ሕዝቡ ቆሼ በሚለው ቦታ ነው። ቦታው ሲሞላ ከከተማዋ ወሰን ውጭ፣ በኦሮሚያ ሰንዳፋ አካባቢ አዲስ የቆሻሻ ማስወገጃ ተሠርቶ በ2008 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። የአካባቢው ገበሬዎች መሬታችን ተወሰደ፣ ውኃችን ተበከለ፣ ከብቶቻችን ተጎዱ ብለው ተቃወሙ። በዚያው ዓመት ክረምት ማስወገጃው ሥራ አቆመ፤ የቆሻሻ መኪኖቹም ወደ ረጲ ተመለሱ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የረጲው ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎችን ቀበረ። የክምሩ አደጋ ለዓመታት የተጠራቀመ በመሆኑ መመለሱ ብቻ ነው ያመጣው አልልም። ነገር ግን የሰንዳፋ ገበሬ ማስወገጃው ከመሠራቱ በፊት የሚሰማበት፣ ሲስማማም ተጠቃሚ የሚሆንበት የጋራ ተቋም ቢኖር ኖሮ ከተማዋ ሌላ አማራጭ ይኖራት ነበር። ገበሬው ያልተሰማበት ውሳኔ መጨረሻው በከተማው ድኻ ላይ ወደቀ።

ስለዚህ ገጠርና ከተማን ማያያዝ ያስፈልጋል። አንዳንዴ በስምምነትና በጋራ ኮሚሽን፣ አንዳንዴ ደግሞ በአንድ አስተዳደር። በካርታ ብቻ ለማያያዝ የተደረገው ሙከራ ግን የት እንዳደረሰ አይተናል። የአዲስ አበባና የዙሪያዋ የኦሮሚያ ከተሞች የተቀናጀ ማስተር ፕላን በ2006 ዓ.ም. ተቃውሞ አስነሣ፤ በ2008 ተቃውሞው ተስፋፋ፤ የሰው ሕይወት ጠፋ፤ ዕቅዱም በዚያው ዓመት ጥር ወር ተሰረዘ። ጉዳዩ ብዙ ፖለቲካዊ ሥር አለው፤ ዛሬ ሁሉንም አልነካም። ለርዕሴ የሚበቃኝ ነገር በተቃውሞው መሀል የነበረው የገበሬው ፍርሃት ነው፤ መሬቴ ላይ ሌላ ሰው ወስኖ ጨርሷል የሚለው ፍርሃት።

አሁን ወደ ድምፅ ልለፍ። እዚህም ድሬዳዋን ልጥራ፤ በአገራችን ከተማና ገጠርን በአንድ አስተዳደር በመያዝ ከሚታወቁት አንዷ ናትና። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብና ቤት ቆጠራ የአስተዳደሩ ነዋሪ 341,834 ነበር፤ ከእነዚህ 233,224ቱ የከተማ፣ 108,610ሩ የገጠር ነዋሪዎች ናቸው። በቀበሌ ሲቆጠር ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ የከተማው ቀበሌ 9፣ የገጠሩ 38 ነበር። እስቲ አንድ ምክር ቤት በእነዚህ ቁጥሮች እንመሥርት። በሰው ብዛት ወንበር ብናከፋፍል ከተማው ሁለት እጅ፣ ገጠሩ አንድ እጅ ያገኛል፤ ከተማው ብቻውን ማንኛውንም ውሳኔ ማሳለፍ ይችላል። በቀበሌ ብናከፋፍል ደግሞ ከሕዝቡ አንድ ሦስተኛው ከአምስት ወንበር አራቱን ይይዛል፤ ያም ለከተማው ነዋሪ ፍትሕ አይሆንም። ሁለቱም ሒሳብ ትክክል ነው፤ ሁለቱም አንዱን ወገን ያለ ድምፅ ያስቀራል።

እኔ የማምነው መፍትሔው ከዋናው ምክር ቤት ወንበር ክፍፍል ውስጥ አይገኝም ብዬ ነው። በሰው ብዛት መከፋፈሉ ይሁን፤ የዲሞክራሲ መሠረት ነው። ገጠሩ ግን በራሱ ጉዳይ ላይ የሚወስንበት ሁለተኛ መድረክ ያስፈልገዋል። በዚህ ረገድ ከጃፓን የምንማረው አለ።

ጃፓን እ.ኤ.አ. በ1999 ዓ.ም. 3,232 ከተሞችና መንደሮች ነበሯት፤ እ.ኤ.አ. በ2010 1,727 ብቻ ቀሩ። ማዕከላዊው መንግሥት በግድ አላዋሐዳቸውም፤ ለተዋሐዱት ልዩ ቦንድ ፈቀደላቸው፣ ከብድሩ ተመላሽም 70 በመቶውን ራሱ እንደሚሸፍን ቃል ገባ። በፉኩሺማ ያለችው ያማትሱሪ የተባለች ትንሽ ከተማ አልዋሐድም ብላ እ.ኤ.አ. በ2001 በምክር ቤቷ አወጀች፤ አብዛኞቹ ግን ገንዘቡን አይተው ገቡበት። ታካያማ ከዘጠኝ ጎረቤቶቿ ጋር ተዋሕዳ ስፋቷ ከ2,100 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሆነ፤ አብዛኛው ጫካና ተራራ ነው። የመንደሮቹ ማዘጋጃ ቤቶች ቅርንጫፍ ቢሮ ሆኑ።

በዚያው ዘመን ከተዋሐዱት መካከል ኒጋታ ውስጥ ያለችው ጆኤትሱ የተለየ መንገድ መረጠች። እ.ኤ.አ. በ2005 ዓ.ም. 13 አነስተኛ ከተሞችና መንደሮች ሲቀላቀሏት ለእያንዳንዳቸው የራሳቸው የአካባቢ ጉባኤ ተቋቋመላቸው። አባላቱ ደመወዝ የላቸውም፤ ፈቃደኛ የሆነ ይመዘገባል፣ ፈቃደኛው ከወንበሩ ከበለጠ ሕዝቡ ድምፅ ይሰጣል፣ ከንቲባውም የድምፁን ውጤት አክብሮ ይሾማቸዋል። የአካባቢውን ከባድ ጉዳይ ከንቲባው ከመወሰኑ በፊት ጉባኤውን መጠየቅ አለበት። ከዚህ የሚበልጠው ደግሞ በኋላ የሆነው ነው። ይህ ለገጠሮቹ የተሰጠ መብት እ.ኤ.አ. በ2009 ወደ ነባሩ ከተማ ሠፈሮችም ተስፋፋ፤ ከተሜውም ከገጠሩ የጎረቤት ጉባኤን ወረሰ። ችግር አልነበረም አልልም፤ ከጊዜ በኋላ የፈቃደኛው ቁጥር ከወንበሩ እያነሰ ሄዷል። ሰው አስተያየቱ ብቻ የሚጠየቅበት፣ የሚወስነው ገንዘብ የሌለበት ጉባኤ ላይ ለዘለዓለም አይቀመጥም። ሥልጣን የሌለው ምክክር ውኃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው።

የእኛ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 50 ንዑስ አንቀጽ 4 ሕዝቡ በቀጥታ ይሳተፍ ዘንድ ለዝቅተኛ የአስተዳደር እርከኖች በቂ ሥልጣን ይሰጣል ይላል። በከተማ ለተካለሉ የገጠር ቀበሌዎች ይህን ቃል ሥራ ላይ ማዋል ማለት በምክር ቤቱ ውስጥ የገጠር ቀበሌ ተወካዮችን ያቀፈ ቋሚ ጉባኤ ማቋቋምና ሦስት ጉዳዮችን ያለ እሱ ይሁንታ እንዳይወሰኑ ማድረግ ነው፤ የእርሻ መሬት ለሌላ አገልግሎት መዋሉን፣ የውኃ ምንጭ መወሰዱንና የቆሻሻ ማስወገጃ ቦታ መመረጡን። በቀረው ሁሉ ብዙኃኑ ይወስን።

ወደ ገንዘቡ ስሻገር አንድ ነገር በግልጽ ልናገር። ገጠሩ ሲጠቃለል መጀመሪያ የሚጠብቀው አገልግሎት ነው፤ መብራት፣ ውኃ፣ መንገድ፣ ክሊኒክ። ይህ ተስፋ ትክክል ነው። ያለ ዕቅድ ሲቀር ግን ገበሬው የገጠሩን አጥቶ የከተማውን ሳያገኝ ይቀራል። ቀበሌው በወረዳ ሥር ሳለ የልማት ሠራተኛው፣ ማዳበሪያና ምርጥ ዘር የሚያደርሰው የኅብረት ሥራ ማህበር፣ የእንስሳት ጤና ባለሙያው ሁሉ የወረዳው ዋና ሥራ ነበሩ። ከተማው ውስጥ ሲገባ እነዚህ ከአስፋልት፣ ከኮብልስቶንና ከቤት ጉዳይ ኋላ የሚሰለፉ ጥቃቅን የሥራ ክፍሎች እንዳይሆኑ ማን ይጠብቃል? ማዳበሪያ በሰኔ ካልደረሰ በነሐሴ ቢመጣ ለገበሬው ዋጋ የለውም፤ የከተማ ምክር ቤት አጀንዳ ደግሞ የዝናቡን ወራት አይከተልም።

ደቡብ አፍሪካ በዚህ ላይ ሁለት ትምህርት ትሰጠናለች። እ.ኤ.አ. በ2000 ዓ.ም. 843 የነበሩ ማዘጋጃ ቤቶቿን ወደ 284 አጠቃለለች። ምክንያቱ ከባድ ነበር፤ የአፓርታይድ ካርታ የነጮችን ሀብታም ከተማ ለብቻው ሲያጥር የጥቁሮቹን ሠፈርና ገጠር ያለ ግብር ምንጭ አስቀርቶ ነበርና። ደርባንን የያዘው የኢቴክዊኒ ማዘጋጃ ቤት በዚያ ጊዜ ስፋቱ ከግማሽ በላይ ሲጨምር ሕዝቡ የጨመረው ግን በጥቂቱ ነው፤ ማለትም ተራርቆ የሚኖር የገጠር ቤተሰብ ነው የተቀላቀለው። የከተማውን የፍሳሽ ቧንቧ እስከዚያ ኮረብታ መዘርጋት አይታሰብም ነበር። በወቅቱ በክፍለ ሀገሩ ኮሌራ ገብቶ ስለነበር መዘግየትም አልተቻለም። አስተዳደሩ ለእያንዳንዱ ቤት 200 ሊትር የሚይዝ የግቢ ታንከር አቁሞ በየቀኑ በነፃ የሚሞላበትን መንገድ ዘረጋ፤ ሽንትን ከዓይነ ምድር የሚለይ፣ ውኃ የማይፈልግ መጸዳጃም ሠራ። ከከተማው ደረጃ የተለየ፣ ለገጠር የታሰበ አገልግሎት ነበር፤ በፍጥነትም ብዙ አሥር ሺህ ቤት ደረሰ። ብዙ ተጠቃሚዎች ግን መጸዳጃውን አልወደዱትም፤ ጉድጓዱን ራሳቸው መጥረግ ስለነበረባቸውና ከከተማው ውኃ የሚለቀቅበት መጸዳጃ ያነሰ ነው ብለው ስላሰቡ። የመጀመሪያው ትምህርት ይህ ነው፤ አገልግሎቱ እንደ ቦታው ሊለያይ ይችላል፣ ልዩነቱን ግን ተጠቃሚው ራሱ መርጦ መሆን አለበት።

ሁለተኛው ስለ ግብር ነው። በደቡብ አፍሪካ ሕግ በእርሻ መሬት ላይ የሚጣለው የንብረት ግብር ተመን ከመኖሪያ ቤቱ ተመን ሩብ እንዳይበልጥ ገደብ ተቀምጦለታል። የአገራችን የከተማ ንብረት ታክስ አዋጅ በ2017 ዓ.ም. ጸድቋል። ክልሎች ሥራ ላይ ሲያውሉት በከተማ ወሰን ውስጥ ጤፍ ወይም ማሽላ የሚዘራ ሰው ማሳ በምን ይመደባል የሚለውን አስቀድመው መልስ ሊሰጡበት ይገባል። የእርሻ መሬት እስከታረሰ ድረስ በእርሻነቱ ይገመት፤ ከጎኑ ፎቅ ስለተሠራ የገበሬው ምርት አይጨምርም።

አሁን ወደ መሬቱ። የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 ሁለት ሺህ ነዋሪ ያለውንና ከሠራተኛው ግማሹ ከእርሻ ውጭ የሚተዳደርበትን ሰፈራ እንደ ከተማ ይቆጥራል። በፕላን ወሰን ውስጥ የሚገባው ግን ይህ ብቻ አይደለም፤ ከተማው በሚቀጥሉት ዓመታት ይደርስበታል የተባለው ማሳ ሁሉ ነው። ወሰኑ ሲሰፋ የገጠር ይዞታ የነበረው መሬት ቀስ በቀስ ወደ ከተማ ሊዝ ሕግ፣ ወደ አዋጅ ቁጥር 721/2004 ይሄዳል። በገበሬው እጅ ያለው የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር አንድ ቀን በካሳ ወረቀት ይተካል።

ካሳው እንዴት ይሰላል? በቀድሞው አዋጅ ቁጥር 455/1997 መሬቱን ለዘለቄታው የለቀቀ ገበሬ የአምስት ዓመት አማካይ ገቢው በአሥር ተባዝቶ ይከፈለው ነበር። በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 ይህ ተሻሽሎ በመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት ካገኘው ከፍተኛው ዓመታዊ ገቢ በ15 ተባዝቶ ይከፈለዋል። መሻሻሉ ቀላል አይደለም፤ ሊመሰገን ይገባል። ግን በምሳሌ እናስላው። አንድ ሄክታር ማሳ በጥሩ ዓመት 100 ሺህ ብር አስገኘ እንበል። ካሳው 1 ሚሊዮን 500 ሺህ ብር ይሆናል። አንድ ሄክታር 10 ሺህ ካሬ ሜትር ነው፤ እንግዲህ ለካሬው 150 ብር መጣ ማለት ነው። ያው መሬት ተሸንሽኖ ለሊዝ ጨረታ ሲወጣ በካሬ ሜትር ስንት እንደሚጠራ በየከተማችሁ ታውቁታላችሁ። እርግጥ ልዩነቱ ሁሉ ትርፍ አይደለም፤ ከሄክታሩ መንገድና አረንጓዴ ቦታ ይወጣል፣ ውኃና መብራት ለማስገባት ወጪ አለ። ያም ተቀንሶ የሚቀረው ብዙ ነው፤ ገበሬው ግን ከዚያ ምንም አይደርሰውም፤ ሕጉ የሚክሰው ለምርቱ እንጂ ከተማ መምጣቱ መሬቱ ላይ ለጨመረው ዋጋ አይደለምና።

ይህን ገበሬው አሳምሮ ያውቃል። ወሰኑ ሰፋ ሲባል ደላላው ከመሃንዲሱ ቀድሞ ይደርሳል። ገበሬው ካሳው ከሚያመጣለት ይልቅ በቁራሽ ቆርሶ በስውር ቢሸጥ እንደሚሻለው ይነገረዋል፤ እውነትም ነው። በአንድ ሌሊት የጨረቃ ቤት ይቆማል። የገዛው ድኻ ቆይቶ ይፈርስበታል፤ የሸጠው ገበሬ ገንዘቡን ጨርሶ የቀን ሥራ ይፈልጋል፤ ማዘጋጃ ቤቱም በፕላን መሠረት ሊያለማው የነበረውን መሬት ያጣል። ሕገ ወጥነቱን ማውገዝ ቀላል ነው። ሕጋዊው መንገድ ከሕገ ወጡ ያነሰ እስከከፈለ ድረስ ግን ውግዘቱ ማንንም አይመልስም።

ከዚህ የማይተናነስ ጉዳት ያለው መሀል ላይ ነው፤ ቀበሌው በካርታ ከተማ ሆኖ መሬቱ ግን ሳይፈለግ በሚቆይባቸው ዓመታት። ገበሬው ነገ ይወሰድብኛል ብሎ ዛፍ አይተክልም፣ እርከን አይጠግንም፣ ጉድጓድ አያስቆፍርም። ድሬዳዋን ያነሳሁት ለዚህም ነበር፤ ከተማው ከጎርፍ የሚጠበቀው በዚሁ እርከን ነውና፣ ለገበሬው ዋስትና መንፈግ ለራስ ጉዳት ነው። ልጆቹም አሉ። አሥራ ስምንት ዓመት የሞላው የገበሬ ልጅ የገጠር መሬት ልጠይቅ ቢል ቀበሌህ ከተማ ሆኗል ይባላል፤ የከተማ ቦታ ልጠይቅ ቢል ለጨረታው የሚያስይዘው ገንዘብ የለውም። እናትና አባቱ ቢያንስ ካሳ ሊያገኙ ይችላሉ፤ እሱ ግን በየትኛውም መዝገብ ላይ ስሙ የለም። በተካለሉ ቀበሌዎች ውስጥ ካሉት ሁሉ ስለዚህ ወጣት ማንም ሲናገር አልሰማም፤ ስለዚህ እኔ እናገራለሁ።

ምን ይደረግ? ሕጉ ራሱ ከሚሰጠው እንጀምር። አዋጅ ቁጥር 1161/2011 የመሬቱ ባለይዞታ በፕላኑ መሠረት በግሉ ወይም ተደራጅቶ መሬቱን ለማልማት አቅም ካለው ቅድሚያ አለው ይላል። ይህ ትልቅ በር ነው፤ ግን ገበሬው ብድር፣ የምህንድስና ድጋፍና ጊዜ ካላገኘ በሩ ለባለሀብት ብቻ የተከፈተ ይሆናል። ከተማ አስተዳደሩ ከሊዝ ገቢው የተወሰነውን እጅ መሬቱ ለተወሰደበት ቀበሌ ጉባኤ ይመልስ፤ ገንዘቡም የገበሬዎቹን ማህበራት ለማቋቋምና ለልጆቻቸው ቦታ ለማዘጋጀት ይዋል። በእርሻነት ለሚቀጥለው ማሳ ደግሞ የጊዜ ዋስትና ይሰጥ፤ ለእርሻ የተተወው መሬት በፕላኑ ላይ ይከለል፣ ለተወሰኑ ዓመታት እንደማይነካ በጽሑፍ ይረጋገጥ። ይህ ከተማውን አያዘገየውም። ዙሪያውን አትክልትና ወተት የሚያቀርብለት ማሳ ያለው ከተማ ኑሮው ይረክሳል።

ያው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ተነሺዎች ከመሬታቸው ከመነሣታቸው ቢያንስ 1 ዓመት አስቀድሞ እንዲወያዩ ያዛል። እንግዲህ በየከተማው ምክር ቤት ውስጥ ላላችሁ፣ በየመሥሪያ ቤቱ ፕላን ለምታዘጋጁ፣ እንዲሁም በቀበሌያችሁ ስብሰባ ለምትቀመጡ ሁሉ አንድ ነገር እለምናለሁ። በእርሻ ሰሞን፣ ገበሬው ከበሬው ተለይቶ መምጣት በማይችልበት ሳምንት የተጠራ የወሰን ስብሰባ ስታዩ ዝም አትበሉ። ካርታው ከመጽደቁ በፊት የገጠሩ ጉባኤ በምን ሥልጣን እንደሚቋቋም፣ የሊዙ ድርሻ ስንት እንደሆነ፣ የልጆቹ ስም የት እንደሚመዘገብ በጽሑፍ ይቅረብ በሉ። መሬታቸው የሚካለልባቸው ሰዎች አዳራሹ ውስጥ ከሌሉ ስብሰባው ወደ ሌላ ቀን እንዲተላለፍ እጃችሁን አውጥታችሁ ጠይቁ፤ ጥያቄያችሁም በቃለ ጉባኤ ይያዝ።